ሦስተኛው ፎርፌ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ክረምቱ እንደወጣ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሸራ ተራ ሰው ግን እስካሁን ሲያየኝ «ሩጫው እንዴት ነው?» እያለ ያሾፍብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ቅዳሜና በማግስቱ የሆነውን መቼም አልረሳውም።

መርካቶ ውስጥ ሸራ እየሰፋሁ ነው የምተዳደረው። እሁድ ጠዋት ደግሞ የጤና ቡድናችን አምበል ነኝ። የጤና ቡድን ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ያለው፣ ሚስቱ «ሆድህን ቀንስ» ያለችው፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ሁሉ የሚሰባሰብበት የእግር ኳስ ቡድን ነው። ከሌሎች የሰፈር ቡድኖች ጋር እንወዳደራለን። ዋንጫ ጠልተን አይደለም፤ አግኝተነው አናውቅም እንጂ።

ማልያችን ከቦንዳ የወጣ ነው። ሳልባጅ የሚነግድ አንድ ወዳጄ ቦንዳ ሲፈታ አሥራ አምስት አንድ ዓይነት አረንጓዴ ማልያ አገኘና ለቡድኑ ሰጠን። ደረቱ ላይ መዶሻና አንድ ቀንዳም እንስሳ አለበት። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የቻለ ሰው የለም። እንስሳውን ሙክት ነው ብለን ስለወሰንን ሰፈሩ «ሙክቶቹ» ይለናል።

አምና ሙክቶቹ ልንፈርስ ደርሰን ነበር። አንዳንዱ ሱቁን ወደ ሌላ ሰፈር አዛወረ፣ አንዳንዱን ጉልበቱን አመመው፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ቀረ። በውድድራችን ደንብ አሥራ አንድ ሰው ያላሟላ ቡድን ፎርፌ ይሰጣል፤ ሦስት ፎርፌ የሰጠ ደግሞ ይሰረዛል። እኛ ሁለቱን ሰጥተን ነበር። የሚቀጥለው እሁድ ሰው ካልሞላ፣ ሳንሸብት የጀመርነው፣ ሸብተን ያልተውነው ቡድን አበቃለት ማለት ነው።

አንድ ልማድ አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ አምበሉ ማልያውን ለብሶ በየሱቁ ይዞራል። ምንም መናገር አያስፈልገውም። ያየው ሁሉ ነገ ጨዋታ እንዳለ ያውቃል፤ የሚመጣ እጁን ያነሳል፣ የማይመጣ ሰበቡን ያዘጋጃል። ያን ቅዳሜም ከሸራ ተራ ተነስቼ፣ በጭድ ተራ አድርጌ አንዋር መስጊድ አካባቢ ስደርስ፣ ራሴን ጨምሬ አሥር ሰው ሆነናል። አንድ ሰው ጎደለኝ።

በዚህ ሐሳብ ተይዤ ስሄድ፣ ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያ የለበሱ አንድ ሽበታም ፈረንጅ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ደረቴን እያመለከቱ ሲጮኹ አየሁ። ያን ሰሞን የሳልባጅ ልብስ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ነበር። ወሬውና ሰደርያው ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኙ። ሰውዬው ተቆጣጣሪ ናቸው፣ ማልያው ከየት እንደመጣ ሊጠይቁኝ ነው፣ ወዳጄን ላስይዘው ነው አልኩና ሮጥኩ።

መርካቶ ውስጥ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ለመርካቶ ሰው አይነገርም። ፈረንጅ ይጮኻል፣ አንድ ሰው ይሮጣል፤ ሌላ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? አሥር እርምጃ ሳልሄድ ሁለት ተሸካሚዎች ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው አንጠለጠሉኝ። ምን እንደወሰድኩ ይጠይቁኛል፣ ኪሴን ይዳብሳሉ። ስንት ዓመት በሠራሁበት ገበያ! ያን ቀን ያፈርኩትን አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሰውዬው እያለከለኩ ደረሱ። ምን እንደጠፋባቸው ለመስማት ሁሉም ተጠጋ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ደረቴ ላይ ያለውን መዶሻና እንስሳ በጣታቸው ዳበሱትና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ይሄኔ የያዙኝ ሰዎች ለቀቁኝ። ሻርፕ የምትሸጠው ፎዚያ እንግሊዝኛ ታውቃለችና ከሱቋ ወጥታ አነጋገረቻቸው።

«ይረጋጉ፣ ጋሽ ሸምሱ» አለችኝ ሳቋን እየታገለች። «ይህን ማልያ በእጄ አጥቤ ያጣጠፍኩት እኔ ነኝ እያሉ ነው።»

ሚስተር ኤምሪስ ይባላሉ። እዚህ የምታስተምር ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የመጡት። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ እንግሊዝ ናቸው ሲል ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ለካ የዌልስ ሰው ናቸው። ፎዚያ «ስልጤውን ጉራጌ ብትሉት ዝም ይላችኋል?» ስትል ሁላችንም ወዲያው ገባን። እንስሳውም ሙክት ሳይሆን አውራ በግ ነው፤ ጽሑፉም በዌልስ ቋንቋ ነው።

ፎዚያ ሱቅ ተቀምጠን ሻይ ታዘዘልንና ታሪኩን ነገሩን። ከተማቸው ተራራ መሃል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሰዉ ለቤት ጣሪያ የሚሆን ድንጋይ ከተራራው እየፈለጠ ይኖር ነበር። ክለቡን ያቋቋሙት እነዚያ ድንጋይ ፈላጮች ናቸው፤ መዶሻውም የእነሱ ነው። አባታቸው በረኛ በነበሩበት ዘመን አንድ ትልቅ የከተማ ክለብ እዚያ ድረስ መጥቶ፣ ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ ተመልሷል። ይህን ሲነግሩን ትናንት የሆነ ነበር የሚመስለው። በኋላ የድንጋይ ሥራው ተዘጋ፣ ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ወጣ፣ ክለቡም በየጊዜው ደረጃው እየወረደ ሄደ። የመጨረሻው ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ። ሲዘጋ ማልያዎቹን አጥበው ለእርዳታ ሰጧቸው።

በመሸነፍ ብዛት ፈርሳችሁ ነው ወይ ብዬ አስጠየቅኩ።

«መሸነፉንማ ለምደነው ነበር» አሉ። «አንድ ቅዳሜ አሥር ሰው መጣ። በሚቀጥለው ዘጠኝ መጣ። ሁላችንም አየን፤ ማንም ምንም አላለም።»

ይህን ስሰማ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። የእኛንም ነገር ነገርኳቸው፤ ሁለቱን ፎርፌ፣ የጎደለኝን አንድ ሰው። ፎዚያ ተርጉማ ሳትጨርስ ጨዋታው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ።

በማግስቱ ከአብነት ወረድ ብሎ ባለው ሜዳ አሥራችንም ተገኘን። ሚስተር ኤምሪስ ታኬታ ከየት እንዳገኙ እንጃ፣ ከሁላችን ቀድመው ደርሰዋል፤ ፎዚያም ልትተረጉምላቸው መጥታለች። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው። በደንቡ መሠረት አዲስ ሰው ዕለቱን የሚመዘገበው ከአርባ ዓመት በላይ ከሆነና ሁለት ዋስ ካገኘ ነው። ዕድሜው እንኳ ችግር የለበትም። አንደኛው ዋስ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ግን የተጋጣሚው ቡድን አምበል መሆን አለበት። እሱ ግርማ ነው፤ ያን ዓመት ቡድኑ ዋንጫውን ለመውሰድ ጫፍ ደርሶ ነበር። ባይፈርም ሳይሮጥ ነጥቡን ያገኛል፣ እኛም እንሰረዛለን።

ግርማ ሽማግሌውን አያቸው። ጎንበስ ብለው የታኬታቸውን ማሰሪያ ያስራሉ። ጓደኞቹ ፎርፌውን ውሰድ እያሉ ሲጎተጉቱት ሰማሁ። እኔ ልመና እንዳይሆንብኝ ፈርቼ የመመዝገቢያውን ወረቀት ብቻ ዘረጋሁለት።

«እነዚህ ከጠፉ» አላቸው ግርማ ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ፣ «እሁድ እሁድ ከማን ጋር ልንጫወት ነው?» ወረቀቱን ተቀብሎ ፈረመ።

አራት ለአንድ ተሸነፍን። ሚስተር ኤምሪስ ተከላካይ ሆነው ኳሷን ሦስት ጊዜ ነኳት፤ አንዷን ለግርማ አቀበሉት፣ እሱም አላሳፈራቸውም፣ አገባት። ሲያልቅ ግን የተቃቀፍነው እንደ አሸናፊ ነበር።

ማልያውን ወደ አገርዎ ይውሰዱት አልኳቸው። እሳቸው ግን አውልቀው፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡት። ቤታቸው ቢወስዱት ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚቀር፣ እዚህ ግን እሁድ እሁድ እንደሚጫወት በፎዚያ አንደበት ነገሩኝ።

ዛሬ አሥራ ስድስት ሆነናል፤ ማልያው ስለማይበቃ አንዱ ተራ ይጠብቃል። የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ከባሕር ማዶ መጥተው እንደሞሉልን የሰማ ሰው፣ ጉልበቴን አመመኝ ለማለት አፍ የለውም።

ከየጨዋታው በኋላ በፎዚያ ስልክ ውጤቱን እንልክላቸዋለን። አንድ ቀን ውጤቱን ምን እንደሚያደርጉት ብንጠይቃቸው ፎቶ ላኩልን። የክለባቸው መዝገብ ነው። ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ የተደረገው ጨዋታ ሁሉ ተጽፎበታል። የክለባቸው የመጨረሻ መስመር ላይ «ሰው አልሞላም» እንደሚል ፎዚያ አነበበችልን። ከዚያ ቀጥሎ፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ የእኛ እሁዶች ተሰልፈዋል። አብዛኛው ሽንፈት ነው።

ሸራ እየሰፋሁ ያ ፎቶ ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል፣ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። እሱን ካየሁ ወዲህ ዝናብ ቢሆን፣ ወገቤን ቢያመኝ፣ አንድም እሁድ ቀርቼ አላውቅም።