በሰላምታ መሀል የወረደች እጅ

አድሚራል ሆሬስ ፔንገሊ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ሲያገለግሉ ማንንም አስቀይመው አያውቁም ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጦርነት ሲኖር መኮንን በጀግንነት ያድጋል፤ ጦርነት በሌለ ጊዜ የሚያድገው ባለመናገር ነው። ፔንገሊ ደግሞ ባለመናገር የተካኑ ነበሩ።

ገና ወጣት መኮንን ሳሉ የመርከባቸው አዛዥ ቁጡ ሰው ነበር፤ ሾርባ ቀዝቅዞ ከቀረበለት ሳህኑን በመስኮት ወደ ባሕር ይወረውራል። አንድ ቀን ምሳ ላይ አፈጠጠባቸው።

“ፔንገሊ፣ ግልፍተኛ ነው እያሉ ያሙኛል አሉ። አንተስ ምን ትላለህ?”

ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ሾርባው ላይ አቀረቀረ።

“ነፋሱ ወደ ደቡብ እየዞረ ይመስለኛል፣ ጌታዬ” አሉ ፔንገሊ።

አዛዡ በመስኮቱ ተመለከተና፣ “እውነትም ዞሯል” አለ። ፔንገሊ በዓመቱ አደጉ።

ትልቁ ጦርነት ሲመጣ እኩዮቻቸው ከጀርመን ጋር ባሕር ላይ ሲተላለቁ፣ እሳቸው ባሕር በማይታይባት በባዝ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ በተከፈተ ቢሮ የገመድና የቀለም ኃላፊ ሆነው ከረሙ። ባዝ የምትታወቀው በፍል ውሃዋ ነው። ስለዚህ ሚስታቸው ዊኒፍሬድ ለጎረቤት “ሆሬስ ውሃው አካባቢ ነው” ስትል ዋሸች ማለት አይቻልም። ጦርነቱ ሲያበቃ ባሕር ላይ ከነበሩት ገሚሶቹ ሞተዋል፣ የቀሩት ታክተዋል። ፔንገሊ ጤነኛ ናቸው፣ ጸጥተኛ ናቸው፣ ገመድም ያውቃሉ። አድሚራል ሆኑ።

አድሚራል መርከብ ይነዳል ብሎ የሚያስበው ባሕርን ከሩቅ የሚያውቅ ሰው ነው። አድሚራል ሲሳፈር ባንዲራው ይሰቀልለታል፣ ፊሽካ ይነፋለታል፣ ከዚያ ወንበር ይሰጠዋል። የሚነዳው ካፒቴኑ ነው። በካፒቴን ማዘዣ ሰገነት ላይ ቆሞ “ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ” ማለት የሰው ወጥ ቤት ገብቶ ድስት ከመክፈት የባሰ ነውር ነው።

ጡረታቸው ሲቃረብ አንድ ነገር ብቻ ቀራቸው፤ የማልታ ሹመት። ማልታ ፀሐይ አለ፤ የዊኒፍሬድ ጉልበት ደግሞ በፖርትስማውዝ ጭጋግ አልቆ ነበር። ሹመቱን የሚያጸድቁት የወደቡ አዛዥ፣ ሰር ሞንታግ ዌዘርቢ፣ ነገሩን በጨረፍታ ነግረዋቸዋል፤ ሐሙስ ማታ እሳቸው ዘንድ ከሚደረገው እራት በኋላ ያልቃል።

“የምትሳፈርባት መርከብ ሐሙስ ወደብ ትገባለች፣ ሰላምታህን ትሰጣለህ፣ እራትህን ትበላለህ” አለች ዊኒፍሬድ የፀሐይ ባርኔጣዋን እየለካች። “ከዚያ ማልታ። አደራ፣ ምንም እንዳትናገር።”

“መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?”

“እሱስ እውነትህን ነው።”

ሐሙስ ረፋድ ላይ ኮንስታንሲያ የተባለችው የጦር መርከብ ወደ ወደቡ አፍ ተጠጋች። ካፒቴኗ ሩፐርት ስታንዊክ ነው፤ መልከ መልካም፣ ሥነ ሥርዓት የሚወድ። ፔንገሊ በእንግድነት ተሳፍረው ማዘዣው ሰገነት ላይ ከጎኑ ቆመዋል። መርከበኞቹ በመርከቧ ጠርዝ ዳርና ዳር ተደርድረዋል፣ ከኋላ ማርሽ ባንዱ ይነፋል፣ በቀኝ በኩል ዳርቻው ላይ ሚስቶችና እናቶች መሐረብ ያውለበልባሉ። ጥልቁ ውሃ በዚያው በሴቶቹ በኩል ነው። በግራ በኩል ከውሃው ሥር የተጋደመ አሸዋ አለ፤ ወሰኑን የሚያሳየው አንድ ቀይ ተንሳፋፊ ምልክት ነው። መርከብ ሁሉ ቀዩን በግራ ትቶ ያልፋል።

በቀኝ ዳርቻ ካለው ከሰር ሞንታግ ቢሮ ባንዲራ ትይዩ ሲደርሱ ፊሽካ ተነፋ። በደንቡ መሠረት ሰገነቱ ላይ ያሉት መኮንኖች በሙሉ ወደ ቀኝ ዞረው ሰላምታ ሰጡ፤ ሁለተኛው ፊሽካ እስኪነፋ እጅ አይወርድም፣ አንገትም አይዞርም። እንግዲህ በዚያች ቅጽበት ያን ሁሉ ብረት ይዞ የሚሄደው የእግዚአብሔር ቸርነት ብቻ ነው። ያን ቀን ወደ ባሕር እየሸሸ የነበረው ውሃና የጠዋቱ ነፋስ ተጋግዘው መርከቧን ቀስ እያሉ ወደ ግራ ገፏት።

ፔንገሊም እጃቸውን አንስተዋል። በባርኔጣቸው ጠርዝ ሥር በአንድ ዓይናቸው ወደ ፊት ሰረቅ አድርገው ቢያዩ፣ በግራ መሆን የሚገባው ቀይ ምልክት ከፊት ለፊታቸው፣ እንዲያውም ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ይወዛወዛል።

ዝም ቢሉ መርከቧ አሸዋው ላይ ትቀመጣለች፣ ስታንዊክ ጦር ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ተሳፋሪውን አድሚራል የሚጠይቅ የለም። ማልታም ከእጃቸው አትወጣም። ይህን ሁሉ አወቁ። ስታንዊክን አዩት፤ እጁ እንደ ሐውልት ቀጥ ብላለች፣ ዓይኑ ባንዲራው ላይ ተተክሏል። ሁለተኛው ፊሽካ አልተነፋም።

የፔንገሊ እጅ ወረደች።

“ወደ ቀኝ! ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ! የቀኙን ሞተር ወደ ኋላ!”

መሪውን የያዘው መርከበኛ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ካፒቴኑ ይሁን አድሚራሉ ሳይለይ አዞረ። ኮንስታንሲያ ተንገዳገደች። የተደረደሩት መርከበኞች አንዱ በአንዱ ላይ ተዛዘሉ፣ ከበሮው ብቻውን እየተንከባለለ ሄደ፣ ዳርቻው ላይ ያሉት ሴቶች ትርዒት መስሏቸው አጨበጨቡ። ቀዩ ምልክት እንደ ደንቡ በግራ አለፈ።

“ጌታዬ” አለ ስታንዊክ ጥርሱን ነክሶ፣ “መርከቧ የኔ ናት።”

“አዎ፣ ስታንዊክ። ይቅርታ።”

“ምልክቱን አይቼው ነበር። ከፊሽካው በኋላ ልዞር ነበር።”

“እንዴታ።”

ማታ እራት ላይ ሰር ሞንታግ የበግ ሥጋቸውን እየቆረጡ፣ “ፔንገሊ፣ ከመስኮቴ ሆኜ አየሁህ። እጅህን አወረድክ” አሉ።

“ወደ አሸዋው እየሄድን ነበር፣ ጌታዬ።”

“ስታንዊክ፣ አሸዋ ነበር?”

ስታንዊክ የአድሚራሉን ፊት ላለማየት ወደ ጨው ዕቃው አጎነበሰ። “አሸዋውማ ሁልጊዜ አለ፣ ጌታዬ። ነገሩ ግን በእጄ ነበር።”

“ይኸው! እጁም አልወረደችም” አሉ ሰር ሞንታግ። “ሰው እንዲህ ይርጋ እንጂ።”

ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? መርከቧ ብትሰበር ስንጥቋ ይመሰክር ነበር፤ ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም። ማልታ ለሌላ ሰው ተሰጠች፣ ስታንዊክ በቆራጥነቱ ተመስግኖ አደገ፣ ፔንገሊ ደግሞ ሞቅ ያለ ግብዣ ተደርጎላቸው ጡረታ ወጡ።

በሳምንቱ ዊኒፍሬድ ከባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጭጋግ ነበር።

“የት ነው አሸዋው?”

“ያውልሽ፣ ከቀዩ ወዲያ።”

“እኔ የሚታየኝ ውሃ ብቻ ነው።”

“መርከብ የሚበላውም ስለማይታይ ነው።”

ወደ ውሃው ትኩር ብላ አየች። “ያ ካፒቴን እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለህም?” አለች።

“ምን አደረግክልኝ ብሎ?”

“ታዲያ ቆጨህ?”

“ስጮህ ደስ አለኝ፣ ዊኒ” አሉ ፔንገሊ። “እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።”

“ማልታን ያህል?”

“ኧረ ማልታን አያህልም።”

“ደግ አልክ” አለችና ጉልበቷን በሁለት እጇ እያሸች፣ “አሁን ክንድህን ስጠኝ፤ ብርዱ ገባኝ” አለች።