ሰማንያ ቀን ያልሞላት እህቴ

ትናንት ደብረ ታቦር ካለው ቤቴ ጀርባ ለመብራት ምሰሶ ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ የረጠበው አፈር ሽታ ወዳደግሁበት ገሳይ፣ ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

ታናሽ እህቴ በሁለት ወሯ ሞተች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሃያ ቀን ቀርቷት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ አትቀበርም ስለተባለ አባቴ ከጓሮ፣ ከገብሱ ዳር ይቆፍራል። እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋታለች።

ሊያጽናኑ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ "ምን ይደረግ፤ ሳትጠመቅ ሞተች። የዘላለም ሕይወት የላትም፣ ዕጣዋ ሲኦል ነው" አሉ።

ሲኦል ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር፤ እሳት እንዳለበት ግን ሰምቻለሁ። ከነጠላው የወጣውን የእህቴን ትንሽ እግር አይቼ አለቀስኩ።

እናቴ ብድግ አለች። "ክርስቶስ ሕፃናቱን ያቀፋቸው ስንት ቀናችሁ ነው ብሎ ጠይቆ ነው? ይቺ ከጡት በቀር ምን ታውቃለች? ውጣ ከደጄ!"

ሽማግሌ "አንተ" ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አባቴ መቆፈሩን አቆመ፤ ዝም በይ ግን አላላትም። ሰውዬው ወጡ። እናቴም ልጇን ለማንም ሳትሰጥ በገዛ እጇ ጉድጓዱ ውስጥ አስተኛቻት።

ዛሬ እናቴ አርጅታ እኔ ጋ ናት። ትናንት ምሳ ስንበላ፣ "እማዬ፣ ያን ቀን ለተናገርሽው ንስሐ ገብተሻል?" አልኳት።

ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችው።

"እኔ? ለምን ብዬ! እግዜርን ያማው እሱ ነው እንጂ እኔ ነኝ?"