ለእባቡ የምትሆን አይጥ

አይጥ መምረጥ የተማርኩት ጉልበቴ ዳገት አልወጣም ካለኝ በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው የሚለምደው የመድኃኒት ሰዓት ነው ሲባል እሰማ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ አይጥ ሆነ።

ቤት የለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ሦስት አለኝ። ትልቋ ልጄ ሰበታ፣ ወንዱ ቡራዩ፣ ትንሿ ሱሉልታ ጎጆ ወጥተዋል። አዲስ አበባን እንደ መቀነት ዙሪያዋን ይዘዋታል፤ እኔ ከረጢቴን አንጠልጥዬ ከአንዱ ወደ አንዱ ስዞር እኖራለሁ። አንዱ ጋ ሰንበት ካልኩ ሌላው ያኮርፋል። «የእማዬ እግር እኮ አያርፍም» እያሉ ይስቁብኛል። የተበተኑት እነሱ፣ ዟሪ የተባልኩት እኔ።

ሰበታ ስሄድ የማድረው ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ነው። ከተማዋን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር ተነስቶ አገሩ በታመሰበት ወቅት፣ ከቡራዩ መጥቼ ከረጢቴን አልጋው ሥር ልከት ጎንበስ ስል አንድ ባልዲ አገኘሁ። ክዳኑ በምስማር ተበሳስቷል። ጫጩት መስሎኝ ከፈትኩት።

እባብ ነበር። ቡናማ፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይወፍር፣ እንደ ተጣለ ገመድ ተጠቅልሎ የተኛ። ክዳኑን መለስኩና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ለመጮህ እንኳ ደክሞኝ ነበር፤ ሚኒባስ ጠፍቶ የመንገዱን እኩሌታ በእግሬ ነው የመጣሁት።

ባለቤቱ የልጅ ልጄ ናት፤ የሰበታዋ ልጄ የበኩር ልጅ። ኮሌጅ ገብታ ስለ እንስሳት ትማር ነበር። በግርግሩ ኮሌጁ ሲዘጋ ሌሎቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደየቤታቸው ሲገቡ እሷ ባልዲ ይዛ መጣች። መሠረት የሚቆፍሩ ሰዎች በአካፋ ሊቆርጡት ሲሉ ለምና ነው የወሰደችው። መርዝ የለውም አለች። እናቷ ግን «ወይ እሱ ወይ እኔ» አለቻት፤ በኋላ እባቡ ጓሮ እኔ ክፍል እንዲያድር ተስማሙ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

«እምዬ፣ ትፈሪዋለሽ እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ።

«ከአያትሽ ጋር ስንት ዘመን አንድ አልጋ ላይ አድሬያለሁ» አልኳት።

ስታበላው ተቀምጬ አይ ነበር። ድሮ ከኮሌጁ ነጫጭ አይጦች ታገኝለት ነበር፤ አሁን ራሷ ወጥመድ ታጠምዳለች። አንድ ቀን «ነይ፣ ልኩን ላሳይሽ» አለችኝና የእባቡን ወገብ በሁለት ጣቷ ለካች። ጣቶቿን እንዳሉ ወስዳ የአይጧ ሆድ ላይ አደረገቻቸው። «ከወገቡ ካልወፈረች ትሆነዋለች። ከወፈረች ያስመልሰዋል፤ ወይ ታንቀዋለች።» ነፍስ ያላት አይጥ አይሰጠውም፤ ጥርስ አላት፣ ትነክሰዋለች። የሞተችውንም ዝም ብሎ መወርወር የለም፤ በላስቲክ ጠቅልላ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ታቆያታለች፣ የቀዘቀዘ አይቀምስምና። በልቶ ሲጨርስ ማንም አይነካውም።

«አራስ ነው በይኛ» አልኳት።

ሳቀች። አንዴ ከበላ ሳምንትም፣ ከዚያም በላይ ይሰነብታል ስትለኝ ደግሞ ባሕታዊ ነው አልኩ። ስሙ ባሕታዊ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሰፈሩ ተከበበ። ባለፈው ቀን አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ጎማ ሲቃጠል ውሎ ነበር። ልጅቷ ከግቢ አልወጣችም፤ ግን አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል፣ ወጣት የተባለ ከየቤቱ እየተለቀመ መኪና ላይ ተጫነ። እናቷ ጫማ ላምጣላት ብላ ወደ ውስጥ ስትሮጥ ልጅቷ ከመኪናው ላይ ሆና በዓይኗ እኔን ፈለገች።

«እምዬ፣ መርዝ የበላ አይጥ እንዳትሰጪው።»

ሌላ አላለችም። ልጄ ጫማውን ይዛ ስትወጣ መኪናው ታጥፎ ሄዷል።

የነገርኳት ያ ቃል ልጄን ስንት ጊዜ አቃጠላት። «እናቴን አላለችም። ፈጣሪ ያውጣኝ አላለችም። አይጥ አለች» ትላለች ጫማውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ተናዳ ባልዲውን ትጥለዋለች ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን መጥታ ሰርቪሷ በር ላይ ቆመች። እባቡ ከገባ ወዲህ በዚያ በር አልፋ አታውቅም።

«በልቷል?» አለችኝ።

«ከሄደች ወዲህ አልበላም።»

«ይብላ እንጂ» ብላ ተመለሰች።

በማግስቱም ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላም በየጠዋቱ። ልጅቷ የት እንዳለች የሚነግረን አልነበረም፤ ልጄ ከጣቢያ ጣቢያ ምሳ ቋጥራ ትሄዳለች፣ «እዚህ የለችም» ይሏታል፣ ምሳውን ይዛ ትመለሳለች። ስለ ልጇ የምትጠይቀው ሰው ስታጣ ስለ እባቡ እኔን ትጠይቃለች። እባቡ አንድ ነገር ቢሆን ምን ብላ እንደምትፈታው አውቃለሁ፤ ወልጄ ነው ያሳደግኳት። ክዳኑን እየከፈትኩ ይተነፍስ እንደሆነ ማየት ሥራዬ ሆነ።

ሰበታ ላይ አይጥ ሞልቶ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ሞልቷል። መርዙም እንደዚያው፤ ወጥመድ ውስጥ የገባው ቀምሶት እንደሆነ ልጅቷ ትለይ ነበር፣ እኔ አልለይም። ጎረቤታችን ከደቡብ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ጴንጤ ናት፤ ደግ ሴት። አንድ ማለዳ አይጥ በጅራቱ ይዛ መጣች።

«እማማ፣ እኔ እባቡን በጌታ ስም እቃወማለሁ» አለችኝ። «ግን ልጅቷ አደራ ብላለችና ይኸውልዎት።»

«ምን ገደለው?»

«ማታ ከዳቦ ጋር ያደረግኩለት ነዋ።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኳት። ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ ውሻ እንዳያወጣው ድንጋይ ጫንኩበት። በሌላው ቀን ሁለት አመጣችልኝ። ደግነቷን ምን ብዬ ልመልሰው፤ ጓሮው የአይጥ መቃብር ሆነ።

ፋብሪካው አጥር ሥር የሚሯሯጡት አይጠ መጎጦች ደግሞ ክንዴን ያካክላሉ። እነሱ እሱን ይበሉት እንደሆነ ነው እንጂ። ሲጨንቀኝ ወተት በሳህን አቀረብኩለት። እባብ ወተት ይወዳል፣ የላም ጡት ይጠባል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ወተቱ ረጋ፤ አልነካውም። ጥሬ ጉበት አመጣሁ፤ ዓርብ መሆኑን ያስታወስኩት ጣቶቼ ደም ከነኩ በኋላ ነው። እሱም እንደኔው ጾሙን ዋለ።

ቡራዩ ወንድ ልጄ ሰፈር ወፍጮ ቤት አለ። ዱቄት ያለበት አይጥ አይጠፋም ብዬ መንገዱ ከፈት ሲል ሄድኩ። ባለወፍጮው ሳቀብኝ። «እማማ፣ እኔ እዚህ አይጥ ባስቀምጥ ማን እህሉን ያመጣልኛል?» አለና ጥግ ጥጉን የፈሰሰውን መርዝ በኩራት አሳየኝ። ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ ሰው እየሞተ አንቺ ለእባብ ትዞሪያለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። በማግስቱ ከረጢቴን ይዤ ወደ ሱሉልታ ወጣሁ።

ሱሉልታ የድርቆሽ አገር ነው። ከትንሿ ልጄ ቤት አለፍ ብሎ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አሉ፤ ኦቦ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ድርቆሻቸውን እየከመሩ ለከተማ ላም አርቢዎች ይሸጣሉ። ክምሩ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኣደ» አሉኝ። «እንዴት ከረሙ?»

«ገለታ ዋቃ፣ ይመስገነው። ኦቦ፣ አይጥ ፈልጌ ነው።»

«ምን አሉ?»

«አይጥ። መርዝ ያልቀመሰ።»

ግራ ቀኝ ተገላመጡ። «ኣደ፣ እኛ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አንወድም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ድግምተኛ መስያቸው ነው። አሮጊት፣ ከረጢት፣ አይጥ፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው፤ ልጅቷን፣ መኪናውን፣ ከመኪናው ላይ ሆና ያለችኝን። ስጨርስ ዱላቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ።

«የእኛም ቤት አለ» አሉ። «ትንሹ ልጄ። መሬታችን ላይ ችካል ሊተክሉ የመጡ ጊዜ ተያዘ።»

ከዚያ ተነስተው መንሹን አነሱ። መርዝ የሚባል ነገር ክምራቸው አጠገብ ደርሶ አያውቅም፤ ድርቆሹ የላም ጉሮሮ ነው የሚገባ። ግርጌውን ገለጥ ሲያደርጉት አይጦቹ ተፈተለኩ፤ ሽማግሌው በዱላቸው ፈጣን ነበሩ። አንዷን ድብልብል አንስተው ዘረጉልኝ።

«ይህችን ይያዙ። ጮማ ናት።»

«አትሆንም፣ ኦቦ። ያቺን ኮሳሳዋን።»

«እንግዳ መጥቶ ከሲታ ሰጠ ሊያስብሉኝ ነው?»

«ለእኔ አይደለም እኮ።»

«ለእሱስ ቢሆን? ተርቧል አላሉኝም?»

«ስለተራበ ነዋ» አልኳቸው።

ይህን ልጅቷ አላስተማረችኝም። ልጅ ሆኜ ክፉ ቀን አይቻለሁ። ከሩቅ አገር እየወደቁ እየተነሱ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ያዘነላቸው ሰው አጥግቦ አብልቷቸው ሳይነጋ የሞቱ አሉ። እናቴ ቀጭን አጥሚት በማንኪያ ትሰጥ ነበር፤ ሰው ስስታም ይላት ነበር። ለሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ጮማዋን ለድመታቸው ወረወሩና ጣቴን የምታክል ፈልገው ሰጡኝ። ለኋላ ጊዜ የሚሆኑ ከፍ ከፍ ያሉም ጨመሩልኝ። በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ከድነን ከረጢቴ ውስጥ አስገባናቸው።

ስመለስ ሚኒባሱ ፉሪ ላይ ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለ። መንገዱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ወረድንና በእግራችን ቀጠልን፤ ወጣቶቹ ቀድመውኝ ሄዱ። ወደ ሰበታ መግቢያ ወታደሮች ሰው ይፈትሹ ነበር። ከመካከላቸው ልጅ እግሩ ከረጢቴን ዳሰሰ።

«እማማ፣ ጣሳው ውስጥ ምንድነው?»

«አይጥ።»

«ሥራ ላይ ነን እኮ፤ አይቀልዱብን።»

«ለቀልድ ጉልበት የለኝም፣ ልጄ። ክፈተውና እየው።»

ወደ ኋላ ሸሸ። ጓደኞቹም ሸሹ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ያን ሰሞን ጣሳ የሚያስደነግጥ ነገር ነበር። «ራስዎ ይክፈቱት» አሉኝ ከሩቅ። ከፈትኩት። ልጅ እግሩ አንገቱን አስግጎ አየ፣ አፍንጫውን ያዘ።

«ይበሉታል እንዴ?»

«እኔማ ጥርስ የለኝም። ለእባብ ነው።»

ዓይኑ ላይ ያየሁት ንቀት አልነበረም፤ ሰው ያበደች አያቱን እንደሚያይ ነው ያየኝ። «የሚጦርዎት ልጅ የለዎትም?» አለኝ።

«ልጆች አሉኝ። አንዲት የልጅ ልጄን ግን ከቤት ወስደዋት የት እንዳለች አላውቅም።»

«ክዳኑን ይግጠሙት» አለኝ ቀስ ብሎ። ከረጢቴን አንስቶ ትከሻዬ ላይ አደረገልኝና መንገድ ለቀቀ።

ቤት ስደርስ ልጄ ደጃፍ ላይ ነበረች። ውሃ አሞቀችልኝ፤ የቀሩትን አይጦች ፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ ሳስቀምጥም አልከለከለችኝም። ትንሿን አይጥ በላስቲክ ጠቅልዬ ነከርኩ፣ አደራረቅኩ፣ በጅራቷ ይዤ ባልዲው ውስጥ አወረድኳት። ብዙ ቆየ። ልጄ በሩን ተደግፋ እኔን እንጂ ባልዲውን አታይም። ከዚያ ምላሱን ብልጭ አደረገ፣ ተሳበ፣ ያዛት።

«እየበላ ነው?» አለች።

«እየበላ ነው።»

እዚያው በቆመችበት በሩ ሥር ቁጭ አለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች። እኔ እግሬ ሲያብጥ እያየሁ ተቀመጥኩ።

ልጅቷ የመጣችው የሱሉልታዎቹ አይጦች አልቀው፣ እኔም እንደገና ሄጄ ከሽማግሌው ጋር ከተላመድኩ በኋላ ነው። ሳይነግሩን ለቀቋት። ፀጉሯ በቅማል ምክንያት ተላጭቷል፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ይወዛወዛል። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ልጄ ዶሮ አረደች፣ ቅቤውን አላጎደለችም። ጎረቤታችን ከፋብሪካ በቀጥታ መጥታ ጮክ ብላ ጸለየች። አንዱ ሲያጎርሳት ሌላው ይቀጥላል፤ እምቢ ማለት አልቻለችም፣ የሁሉንም ዋጠች። ቀስ ብላ ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከትያት ስወጣ ግድግዳውን ይዛ የበላችውን ሁሉ ታስመልስ ነበር። ጀርባዋን ያዝኩላት። የአከርካሪዋ አጥንት በእጄ ይቆጠር ነበር።

ሰርቪሷ ውስጥ አስገብቼ አስተኛኋት። ባልዲውን ሳበችና ከፈተችው። እባቡን ወገቡ ላይ በሁለት ጣቷ ለካችው።

«አልከሳም» አለች። «ምን ሰጠሽው?»

«የሱሉልታ አይጥ። መርዝ ያልቀመሰ።»

«መጀመሪያ ትልቅ ሰጠሽው?»

«ትንሿን።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ማን ነገረሽ ልትል ነበር መሰለኝ፤ ዓይኗ ተከደነ።

ልጄ ገባች። ፊቷ ተለዋውጧል፤ ምን አጎደልኩባት የሚል ፊት ነው። በእጇ ትልቅ ኩባያ ሙሉ አጥሚት ይዛለች፣ ቅቤው ከላይ ይታያል። አልጋው አጠገብ መጥታ እንደ ሌላው ጊዜ እኔን አየችኝ።

ኩባያውን ከእጇ ተቀበልኩ። ቅቤውን በማንኪያ ገፈፍኩት፣ ከግማሽ በላዩን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጥኩ፣ የቀረውን መልሼ ሰጠኋት።

«ይህችን ብቻ ነው?» አለች ልጄ።

«ለዛሬ» አልኳት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እግሯ ባልዲውን ነካው፤ አላሸሸችውም። ማንኪያውን አጥሚቱ ውስጥ ነከር አድርጋ፣ እፍ እያለች፣ ልጇ ዓይኗን እስክትገልጥ ጠበቀች።