እናቴ ለስልክ አቤት ያለች ዕለት

ጣሊያን ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ አንዱን የሽቦ እንጨት የተከለው በእናቴ የጤፍ ማሳ መካከል ነው። ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ ሰንብቷል፤ መሬቱ ግን ድሮም የእናቴ ርስት ነው፤ ድንበሩን ከገዛ ዘመዶቿ ጋር ተሟግታ አስከብራዋለች። ሙግት ታውቅበታለች። ነጠላዋን አደግድጋ ዳኛ ፊት ስትቆም ሰው ሥራውን ጥሎ ሊሰማት ይመጣ ነበር።

አንድ ቀን ሉማሜ ገበያ ላይ ሕዝቡን ሰበሰቡት። ጣሊያኑ ሹም በአስተርጓሚ ተናገረ።

«ይህ ሽቦ ገና መጀመሪያው ነው። ወደፊት መሬቱን የሚያርሰው መኪና ነው። መቼ እንደሚዘራ፣ ማን የት እንደሚኖር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በሽቦ የሚያዝ ይኖራል። ክርክር አይኖርም፤ ረኃብም አይኖርም።»

እውነቱን ለመናገር እኔ ጓጉቼ ነበር። ረኃብ አይኖርም ሲባል ማን አይጓጓም?

እናቴ ሰዉን እየገፋች ወደ ፊት ወጣች። «ጌታዬ፣ ይህ ሽቦ ሲበድለኝ ለማን አቤት እላለሁ?»

ሹሙ ሳቀ። ገበያው ዳር ከተተከለው ድንኳኑ ስልኩን ከነጠረጴዛው አስመጥቶ እጀታውን አሽከረከረና ሰጣት።

«ለራሱ ንገሪው ብለዋል» አለ አስተርጓሚው፣ ዐይኑን መሬት ላይ ጥሎ።

እናቴ ነጠላዋን አደገደገች። «አቤት! ሳታስፈቅዱኝ እንጨታችሁን ርስቴ ላይ ተክላችኋል። ወይ ካሱኝ፣ ወይ ንቀሉልኝ!»

ከወዲያ አንድ ድምፅ በጣሊያንኛ ጮኸና ጠፋ።

«ምን አለ?»

«መስመሩን ልቀቁ ነው የሚለው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ዳኛ ቢያዳላብኝ እንኳ ፊቱን አየዋለሁ። ይሄ ፊትም የለው» አለች። ገበያው በሳቅ ሞላ፤ ሹሙ ግን ቀላ።

ክረምቱ ሲገባ አጎቴን «እስከ እንጨቱ ሥር ድረስ እረሰው» አለችው።

«እህቴ፣ ያስሩሻል።»

«መሬቴን ማረስ ወንጀል ከሆነ ይውሰዱኝ።»

ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አረሰው። ሐምሌ ላይ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ እንጨቱ ተጋደመ። በማግስቱ ሁለት ወታደሮች መጥተው እናቴን ወሰዷት፤ በሬዎቻችንንም ነዷቸው። ደብረ ማርቆስ ሁለት ወር ታሰረች። ቆሎ ይዤላት ስሄድ «እማዬ፣ ይቅርታ ጠይቂና ውጪ» ብዬ ለመንኳት።

«ማንን ልጠይቅ? ሽቦውን?»

ስትመለስ ፀጉሯ ነጥቶ ነበር። ማሳው ጦም አደረ፤ ያን ዓመት የዘመድ እጅ አይተን ከረምን። እምቢታ በነፃ አይገኝም።

ዛሬም የተማሩ ልጆች ያንኑ ተስፋ ሲያወሩ እሰማለሁ፦ የማይሳሳት፣ የማያዳላ መሣሪያ ሁሉን የሚያዝበት ዘመን ይመጣል፤ ከእኛም ዘመን ይሻላል ይላሉ። እኔ ስልክ አልጠላም፤ የሩቅ ልጄን ድምፅ የምሰማው በእሱ ነው። ግን ጎተራው ሁሉ ሞልቶ የሚጠየቅ ሰው የሌለበትን አገር የተሻለ አልለውም። እምቢ እላለሁ። ይህን ያስተማረኝ ጣሊያን ከወጣ በኋላ የሆነው ነገር ነው።

እናቴ እንጨት ተካዮቹን መርቶ ማሳዋ ያስገባውን የመንደራችንን ጭቃ ሹም ከሰሰችው። ወራት ተመላለሰች። በመጨረሻ ዳኛው «ተገዶ ነው ያደረገው» ብሎ ፈረደባት። አልቅሳ ትመጣለች ብዬ ደጅ ቆሜ ጠበቅኋት። እሷ ግን ገብታ እጇን ታጠበችና «እራቴን አቅርቢልኝ» አለችኝ።

«ተረታሽ አይደል?» አልኳት።

«ተረታሁ» አለች እየጎረሰች። «ዳኛው ግን ሲፈርድ ዐይኔን ማየት አፍሮ ነበር። የሚያፍር ሰው ይመለሳል።»

በማግስቱ ይግባኝ ልትል ጉዞ ጀመረች።