የከርሞ ደንብ ልብስ

የሰፈሩ ሰው «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ደግነቱ ከወጋች በኋላ ሰፍታ ነው የምትሄደው። በአንድ ትልቅ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ በሩ ሥር፣ ብርድ በሚገባበት ጥግ ተቀምጣ የሰው ዚፕ ስትቀይርና ሱሪ ስታሳጥር ኖራለች። የስፌት መኪናዋን ሳሎኗ መስኮት ሥር አስቀምጣ የራሷን ሥራ ብትሠራ፣ ልጇም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመስኮቱ ብታያት፣ ከዚያ ወዲያ የምትለምነው አልነበራትም።

ስለዚህ የፊልም ሰዎች መጥተው «የፖሊሶቻችንን ልብስ የሚሰፋልን ሰው እንፈልጋለን፤ ቀረጻው እስኪያልቅ ከኛ ጋር የሚቆይ» ሲሉ፣ ከሁሉ ቀድማ «እኔ አለሁ!» አለች።

«እስቲ አንዱን ሰፍተሽ አሳዪን» አሏት። «ፖሊሶቹ ሕዝቡን የሚያስጨንቁበት፣ ድብድብና የመኪና ማሳደድ የበዛበት ፊልም ነው። ጊዜው ወደፊት ነው።»

መርፌ ጆሮዋ የያዘው «ወደፊት» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ወደፊት ማለት ደግሞ ለሷ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። በቀጥታ ገበያ ወርዳ ብርማ ጨርቅ ገዛች፤ ትከሻው የተነፋ፣ ወገቡ የጠበቀ ኮት ከነሱሪው ሰፍታ ይዛ ሄደች።

ተዋናዩ ለብሶ አንድ ሁለቴ ተራመደ። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ።

«ይሄ ፖሊስ ነው ወይስ የተጠቀለለ ቸኮሌት?» አለ መብራት ያዡ።

«ሌባው እኮ ኮሽታውን ሰምቶ ገና ሳይሰርቅ ያመልጣል!» አለች የሜካፕ ሠራተኛዋ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የመርፌ ፊት ግን በርበሬ መሰለ። ሸበቶው ዳይሬክተር ሳቁን እንደምንም ውጦ ወንበር ሳበላት።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ በደንብ አላስረዳሁሽም። ወደፊት ስልሽ ሩቅ አይደለም። ከርሞ በይው።»

«ከርሞማ ምን ይለወጣል፣ ጋሼ?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! መንገዱ ያው መንገድ፣ መኪናውም ያው መኪና ነው። የጠፈር መርከብ ልሥራ ብል ፕሮዲውሰሩ እኔኑ ነው የሚያስወነጭፈኝ። ደግሞ ተመልካቹን አስቢው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ካልኩት ‹ያኔ እኔ የለሁ› ብሎ ፈንዲሻውን ይበላል። ከርሞ ካልኩት ግን ‹ልጆቼን ይዤ የት ልገባ ነው?› ይላል።»

«ታዲያ ዛሬ ነው ብለው ለምን አይገላገሉም?»

«ዛሬ ካልኩማ የዛሬው ፖሊስ ‹እኛ መቼ እንዲህ ሆንን?› ብሎ ይመጣብኛል። ትንሽ ገፋ ሳደርገው ማንም ‹እኔን ነው› አይልም። መፍራቱን ግን ሁሉም ይፈራል።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሁድ ከሰዓት ቤትሽ ብቅ እላለሁ። ሌላ ሰፍተሽ ካሳየሽኝ ሥራው ያንቺ ነው፤ እንዳልሽውም እዚያው ሳሎንሽ ሆነሽ ትሰፊዋለሽ። ካልሆነ የተዘጋጀ ልብስ ተከራይቼ ሰኞ ቀረጻ እጀምራለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ቤቷ ስትገባ ባሏ ሻይ አፍልቶ ጠበቃት። የዕቃ መኪና ሾፌር ነው፤ ቁመቱ የግንብ አጥር፣ ጠባዩ ግን የቤት ጫማ።

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» አላት ብርማውን ኮት እያገላበጠ። «ሳትጠይቂ ቆረጥሽ አይደል?»

«ዝም ብለህ ሻይህን ጠጣ! አሁን ተረት ነው የቸገረኝ?»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ምንም ሐሳብ ሳይመጣላት፣ የልጇን አዲስ ዩኒፎርም ልትለካላት ተቀመጠች። ልጅቷ ክንዷን ዘርግታ ቆመች፤ ጣቶቿ እጅጌው ውስጥ ጠፍተዋል።

«እማዬ፣ ይሄ የኔ አይደለም።»

«ያንቺ ነው። የከርሞዋ ያንቺ» አለቻት መርፌ፣ አፏ ውስጥ ስፒል እንደያዘች። «አሁን አጠፍልሻለሁ፤ ስታድጊ ይለቀቃል።»

ይህን ብላ ቀጥ አለች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። እናት ሆኖ ለከርሞ ልብስ ያልሰፋ ማን አለ? ለከርሞ ሲሰፋ ብርማ ጨርቅ አይገዛም። የዛሬውን ልብስ ነው ትንሽ ሰፋ፣ ትንሽ ረዘም የሚያደርጉት።

«አውልቂው የኔ እናት፣ ነይ ልሳምሽ» አለችና ጓዳ ያለችው የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች።

ማንም ዘበኛ የሚለብሰውን ዓይነት ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ወሰደች። ኮሌታውን ቀጥ አድርጋ አቆመችው፤ ቁልፎቹን ከመሃል ወደ ጎን አዞረች። ደረቱ ላይ፣ ዛሬ ካለው ስልክ ሁሉ ጥቂት ሰፋ ያለ ኪስ ሰፋች፤ ገና ላልተሠራው ስልክ መሆኑ ነው። ብርማውን ጨርቅ ጨክና መጣል ስላቃታት ደግሞ ትከሻው ላይ ክር የምታህል አስገባች።

እሁድ ከምሳ በኋላ ልብሱን ለባሏ አለበሰችው። «መኪናዬን የጎረቤት በር ላይ አቁሜያት ነበር፣ ፈቀቅ ላድርጋት» ብሎ ከነልብሱ ወጣ።

መንገዱ ዳር ገና ከመድረሱ አንድ ታክሲ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ቀበቶውን እየጎተተ አንገቱን አወጣ።

«ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

ባል ደነገጠ። «ኧረ እኔ አይደለሁም» ለማለት ሁለት እጁን ቢያነሳ፣ ከወዲያ ማዶ የሚመጡትም ቆሙ።

«ሂድ እንጂ ወንድሜ! ሚስቴ ናት የሰፋችልኝ!»

«አዲሱ ደንብ ልብስ ነው?»

«የከርሞ ነው!»

«ከአሁኑ ጀመራችሁ?» አለ ሾፌሩ፣ ላብ ላብ እያለው።

መርፌ ሁሉንም በመስኮት አየች። ዳይሬክተሩ የሚመጣበት ሰዓት ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ ባሏም ቢታሰርባትስ? ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጥታ «ሂዱ! ሂዱ! ፊልም ነው!» እያለች ጮኸች። መኪኖቹ እያጉረመረሙ አለፉ። የመጨረሻው ግን ዳር ይዞ ቆመ። ከውስጡ የወጣው ሸበቶው ዳይሬክተር ነው፤ መንጃ ፈቃዱን በእጁ ይዟል።

መጀመሪያ ባልየውን አየ፣ ቀጥሎ ልብሱን፣ ከዚያ መንጃ ፈቃዱን። በኋላ የቤቱን አጥር ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«አወጣሁ እኮ!» አለ። «ፊልሙን የጻፍኩት እኔ፣ ፖሊስ መስሎኝ መንጃ ፈቃዴን መዝዤ የወረድኩትም እኔ! በቃ፣ የስፌት መኪናሽን ሳሎን አስገቢ፤ ሥራው ያንቺ ነው። ግን አደራ፣ ማንም ይህን ለብሶ ከቀረጻ ቦታ እንዳይወጣ።» ወዲያው የልብሱ ትከሻ ላይ ያለችውን ብርማ ክር ነካ። «ይቺስ?»

«እሷን እንኳ ይተዉልኝ፣ ጋሼ።»

«ትኑር፣ ትኑር።»

መርፌ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። የተረፈው ብርማ ጨርቅም አልተጣለም፤ በዚያው ማታ ለልጅቷ የዝናብ ካፖርት ሆነ። ይኸው እሷም ኮሽ ኮሽ እያለች ቤቱን ትዞራለች።

«እማዬ፣ ፊልሙ መቼ ነው የሚታየው?»

«ከርሞ። ዩኒፎርምሽ ልክ ሲሆንሽ።»

«ነይ፣ መጀመሪያ ጫማሽን ከመተላለፊያው ላይ አንሺ» አላት አባቷ፣ ደንብ ልብሱን ገና ሳያወልቅ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ልጅቷ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አባዬ፣ አንተን እኮ አውቅሃለሁ» አለችና ኮሽ እያለች ሄደች።