ብርሃኑ የወደቀበት ቁልቁለት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ስዘረዝር ኖሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰርና ዘልዬው አልፋለሁ። ለአንተ ለማታውቀኝ ግን ልንገርህ፤ ፊቴን ስለማታይ ይቀለኝ ይሆናል።

ብርሃኑ ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ ጀምሮ ጓደኛዬ ነበር። ቶሮንቶ ገብተንም ፍሌሚንግደን ፓርክ አንድ አፓርትመንት ውስጥ አምስት ዓመት አብረን ኖረናል። እሱ ያኔ የወለል ሴራሚክ አንጣፊ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር እንጀራውን የሚያገኘው። እኔ የስፖርት ዕቃ መደብር መጋዘን ውስጥ እሠራ ስለነበር ገዢ ያጡ አሮጌ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎች አገኘሁና መንሸራተት ጀመርን። የሕንፃው ሐበሻ ሁሉ ሳቀብን። «ሰው ከበረዶ ይሸሻል፣ እናንተ ልትፈልጉት ትሄዳላችሁ?» ይሉን ነበር። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አወዳደቁንም አነሣሡንም ከእኔ ነው የተማረው።

እኅቴ እልፍነሽ በኋላ መጣች። ስፖንሰር ያደረግኳት እኔ ነኝ። አባታችን ስለሞተ የአባቷን ቦታ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለኝ። ከእኛ በአውቶቡስ ብዙም የማይርቅ ቶርንክሊፍ ፓርክ ትኖር ነበር።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ ቶሮንቶ ላይ ሣር ሲያቆጠቁጥ፣ የዓመቱን መጨረሻ እንንሸራተት ብለን እኔና ብርሃኑ በመኪናዬ ኩቤክ ድረስ ነዳን። ቁልቁለቱ ገደል የሚመስል ትልቅ ተራራ ነው። ፀሐይዋ ከማቃጠሏ የተነሣ ሰዉ በሸሚዝ ይንሸራተት ነበር። ጠዋት እንደ መስተዋት የጠጠረው በረዶ ከሰዓት በኋላ ገንፎ ሆነ።

ከምሳ በኋላ ወደ ጫፉ የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብርሃኑ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

«አሌ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እንዳትቆጣ።»

«ምንድነው?»

«እኔና እልፍነሽ ልንጋባ ነው። ከተዋደድን ሁለት ዓመታችን ነው። ሽማግሌ ልልክ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

ወደ በረዶው እያየ፣ «ሰው ሁሉ» አለኝ። «አንተን ፈርተን ነው።»

ሁለት ዓመት! እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብሉር መንገድ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ሄደን አንድ ገበታ ላይ ስንበላ፣ ከፊቴ በዐይን ሲነጋገሩ፣ አሳላፊዋ ሳትቀር እያወቀች እኔ ብቻ ደንቆሮ ነበርኩ? ከምግቤ የበላ፣ ከቤቴ ያደረ፣ ያስተማርኩት ሰው? ያሳደግኳት እኅቴስ? «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ፈገግም አልኩ። ውስጤ ግን እሳት ነበር።

ጫፉ ላይ ስንወርድ ብርሃኑ ራቅ ብሎ ጎንበስ አለና የጫማውን ማጥበቂያ ማስተካከል ጀመረ። ቀይ ጃኬት የለበሰ የተራራው ጠባቂ ወደ እኔ መጣ። በቀኝ በኩል ታች በረዶው ቀልጦ ድንጋዩና ውኃው ወጥቷል፤ ልንዘጋው ነው፣ በግራ ውረዱ አለኝ። አመሰገንኩት፤ ሄደ።

«ምን አለህ?» አለ ብርሃኑ።

«ምንም።»

ይኸው ነው። አልገፋሁትም፤ በቀኝ ውረድም አላልኩትም። ሁልጊዜ በቀኝ እንደሚወርድ ግን አውቅ ነበር። ምን ፈልጌ ነበር? እንዲደነግጥ? እንዲወድቅ? እንዲሞት? አላውቅም ብልህ እዋሻለሁ፤ አውቃለሁ ብልህም እዋሻለሁ። ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሲዞር ለመጥራት ጊዜ ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። እነሱ ደስታቸውን ደበቁኝ፤ እኔ ገደል ደበቅኩት።

ጩኸቱን ሰማሁ። እኔ በግራ ወረድኩ። በግራ! ስደርስ ድንጋዮቹ መሃል ተጋድሟል፤ ቀዝቃዛው ውኃ በጀርባው ሥር ይፈሳል፤ ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ጃኬቴን ጨመደደና፣ «አሌ፣ አለህልኝ?» አለኝ።

ጠባቂዎቹ ሆስፒታል አደረሱት። ከዚያ ለእልፍነሽ ኮል አደረግኩና ሁለተኛውን በደል ፈጸምኩ። «በቀኝ አትሂድ ብዬው ነበር፤ እምቢ አለኝ» አልኳት።

ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። የማይንበረከክ ሰው ሴራሚክ አያነጥፍም። ሥራውን ተወና የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ተቀጠረ።

በሠርጋቸው ቀን ሚዜው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጎንበስ ማለት ስላልቻለ ጫማውን ላስርለት ተንበረከክኩ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ያ ባለቀይ ጃኬት ሆስፒታል ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለጓደኛህ ነግሬው ነበር አለኝ።»

እጄ ቆመ። «ብርሃኑ...»

«ለእሷ አልነገርኳትም። አንተም አትንገራት። እዚህ አገር ከአንተ ሌላ ምን ዘመድ አላት?» አለና ወደ በሩ አየ። «እሰረው በቃ፤ እየጠበቁን ነው።»

አሰርኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አሌ ብሎኝ አያውቅም፤ አለማየሁ ነው የሚለኝ። ይቅር ብሎኛል? አልጠየቅኩትም። እንዳልጠይቀው ዝምታው ተመቸኝ። ለብዙ ዓመት የተከዳሁት እኔ ነኝ እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ነበርኩ። ከወንበር ሲነሣ ጉልበቱ ያዘውና አቃሰተ። እልፍነሽ ክንዱን ይዛ፣ «አንተ ግትር! ወንድም ጋሼ ነግሮህ አልነበር?» አለችው። እሱ ሳያየኝ፣ «ነግሮኝ ነበር» አላት።

ስንት ጊዜ እንዲህ ብሏት ይሆን? እኔ በሌለሁበትስ?

አትንገራት ብሎኝ ነበር፤ ቃሉን አፈርሳለሁ። ለአንተ ብዬ የጻፍኩት ይህ ወረቀት ነገ እጇ ይገባል። እልፌ፣ ባልሽ ግትር አልነበረም። አልነገርኩትም። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ እሱን ብቻ ከእንግዲህ አትውቀሽው።