የማይረባው ጄኔሬተሬ

ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ ጄኔሬተር በመጠገን የሚስተካከለኝ የለም፤ ያውም ማንም ሳያስተምረኝ።

ጀውሃ ውስጥ በአንዲት ምግብ ቤት ጓዳ፣ ወንድ የምንወድ ወንዶች ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን እንጨፍራለን። እስከ ስድሳ ዓመቴ ብቻዬን የተሸከምኩትን ነገር ያራገፍኩት እዚያ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ጭፈራው ሲቋረጥ ቢያንገበግበኝ፣ የተጣለ ጄኔሬተር ጠግኜ ወሰድኩላቸው።

የዚያን ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ አስነሳሁት። ሙዚቃው ቀጠለ። የቤቱ ባለቤት እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? አገሩ ጨልሞ እኛ ብቻ ስናበራ ሰው አይመጣብንም?»

መጣ እንጂ! ጎረቤታችን ባለሱቅ ቻርጀሩን አንጠልጥሎ በሩን አንኳኳ። ተቃቅፎ ሲጨፍር የነበረው ሁሉ፣ ድንገት ሰው ቢመጣ ተብሎ ዘወትር መሐል የሚቀመጠውን ጫት ይዞ በርጫ እንደተቀመጠ ሰው ተደረደረ። ሰውየው ስልኩን ሰክቶ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«የምን ጄኔሬተር ነው እባካችሁ! ማን ሠራው?»

አፌን ስከፍት ሴትዮዋ በዓይኗ ገረመመችኝ። አንዱ ወጣት ከንፈሩ ላይ የቀባውን ቀለም በእጁ ሸፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እኔ ነኝ። ግን የማይረባ ነው፤ ስልክ ያቃጥላል» አልኩና ከጄኔሬተሩ የሚመጣውን ሽቦ በስውር ነቀልኩት። ጨለመ። ባለሱቁ ስልኩን ነጥቆ እያጉረመረመ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ድምፅ ቀንሰን በጭብጨባ ብቻ ጨፈርን።

ጓዳችን ዛሬም አለች። ባለሱቁ ግን ገበያ መሐል ባየኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ያ ቆርቆሮዎ ተሠራ?» እያለ ይስቅብኛል። እኔም፣ ያን ሁሉ ጄኔሬተር የጠገነ እጅ ይዤ፣ «እምቢ አለኝ» እያልኩ አልፋለሁ።